የባቡር ጨዋታ በሄድፎን፦ ሁሉም ድምፅ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው የሚሰማኝ

የስታዲየም ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ኦፕን ሬይልስ የሚጫወት ሰው አለ? በነጻ የሚገኝ ነው፤ የ2001ዱን የማይክሮሶፍት ትሬን ሲሙሌተር ባቡሮችና መስመሮችም ያስኬዳል። ለኔ አሮጌ ላፕቶፕ የሚሆነው እሱ ነው።

ችግሬ ድምፁ ነው። ቤት ሰው ስለማይጠፋ ስፒከር መክፈት አይታሰብም፣ የምነዳው በሄድፎን ነው። ግራና ቀኙ ይለያል። ከፊት ይምጣ ከኋላ ግን አይታወቅም፤ ሁሉም ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ነው። ጥሩንባው ጆሮ ይበሳል። ጋቢና ውስጥ ስሆን ደግሞ የሀዲዱ ድምፅ የለም ማለት ይቻላል። በዛ ላይ ከጀርባ ዝዝዝ የሚል ነገር አለ። ትናንት ማታ መብራት ሲሄድ ጠፋ፣ ሲመጣ ተመለሰ። ላፕቶፑ አርጅቶ ይሆን?

አንድ ሱቅ ውስጥ 7.1 (ድምፅ ከዙሪያ ያሰማል የሚባለው) የተጻፈበት ሄድሴት አይቻለሁ፤ ዋጋው አይነገርም። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

(ለነገሩ የምኖረው ከቀላል ባቡሩ ድልድይ አጠገብ ነው። አንዳንዴ ያለፈው የጨዋታው ባቡር ይሁን የውጪው ግራ ይገባኛል።)

ቡና ያለ ስኳር፦

ዊንዶውስ ሶኒክን ሞክረው፤ በሄድፎን ድምፁ ከዙሪያህ የሚመጣ የሚያስመስል ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ አብሮ የሚመጣ ነው፣ አይከፈልበትም። የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ስፓሻል ሳውንድ የሚለው ጋ ታገኘዋለህ። እኔ ትሬን ሲም ወርልድ ስጫወት እሱን ነው የምከፍተው፤ ተመችቶኛል።

ሳውንድ ማኑ፦

ወንድሜ፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል እኮ። መብራት ሲሄድ ዝዝታው ከጠፋ ላፕቶፑ ጤነኛ ነው። የምጠረጥረው ቻርጀሩን ነው። መብራት ባለበት ሰዓት ቻርጀሩን ንቀልና በባትሪ ንዳ። ጸጥ ካለ አለቀ፣ እሱ ነው።

እኔ የሠርግ ድምፅ ሠራተኛ ነኝ። ድንኳን ስገባ ስፒከር ከመትከሌ በፊት የማየው ኧርዙን (የመሬት መስመሩን) ነው። እዚህ መሀል ከተማ ባሉ አሮጌ ቤቶች ሶኬቱ ላይ የኧርዝ ቆርቆሮው ይታያል፣ ከኋላው ግን ሽቦ የለም። ሽቦው ቢኖርም በርካሽ ዲቫይደር ወይም አዳፕተር ስትሰካ ኧርዙ እዛው ይቀራል። ያኔ የቻርጀሩ ጫጫታ በሄድፎን ጃኩ በኩል ይወጣል። ኤሌክትሪሺያን ይይልህ። ኧርዙን ቆርጠህ ለመገላገል ግን እንዳታስብ፤ እሱ የተሠራው ለድምፅ ሳይሆን ለነፍስህ ነው። ትንሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድም ብዙ ጊዜ ይገላግላል። ጫጫታው በዩኤስቢም ተከትሎ የሚመጣበት ጊዜ ስላለ፣ ካልሆነ እመልሳለሁ ብለህ ተስማምተህ ግዛ።

7.1ን እርሳው። አብዛኞቹ ውስጣቸው ያለው በየጆሮው አንድ አንድ ስፒከር ነው። የቀረውን የሚሠራው ሶፍትዌር ነው፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ እቤትህ አለ። ኦፕን ሬይልስ ድምፅ የሚያወጣው ኦፕንኤኤል ሶፍት በሚባል የድምፅ ሶፍትዌር ነው፤ እሱ ውስጥ ኤችአርቲኤፍ የሚባል ነገር አለ። ከግራህ የመጣ ድምፅ ቀኝ ጆሮህ ጋ ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ከአንድ ሚሊሴኮንድ ያነሰ ነው። ጭንቅላትህም በመሀል ይከልለዋል። ከፊትና ከኋላ የመጣውን የሚለይልህ ደግሞ የጆሮህ ቅርጽ ነው። ኤችአርቲኤፍ ይህን ሁሉ አስልቶ በሁለቱ ስፒከር ያሰማሃል።

የኦፕንኤኤል ሶፍትን የዊንዶውስ ጥቅል አውርድ። አልሶፍት ኮንፊግ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ውስጡ አለች። እሷን ክፈትና ስቲሪዮ ሞድን ሄድፎንስ አድርገው፣ ሴቭ አድርግ፣ ጨዋታውን ዘግተህ ክፈት። ኦፕንኤኤል ቦታ የሚሰጠው ለሞኖ (ግራና ቀኝ ላልተከፈለ) ድምፅ ብቻ መሆኑን ግን እወቅ። ባቡሩን የሠራው ሰው ስቲሪዮ ፋይል ከጫነበት ምንም ብታደርግ ንቅንቅ አይልም። አንዱ ባቡር ላይ ሠርቶ ሌላው ላይ እምቢ ቢልህ ምክንያቱ ይሄ ነው።

እህታችን ያለችው ሶኒክም ጥሩ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ግን አትክፈት። ኤችአርቲኤፍ ያለፈበትን ድምፅ ሶኒክ ድጋሚ ሲነካካው ይደፈርሳል።

የሀዲዱ ነገር ቀላል ነው። የጨዋታው ኦዲዮ ኦፕሽን ውስጥ የውጭ ድምፅ ስንት በመቶው ውስጥ እንደሚሰማ የምትወስንበት ቦታ አለ። ከፍ አድርገው። ዊንዶውስ ላይ ላውድነስ ኢኳላይዜሽን የሚባለውን ግን አጥፋ፤ ሩቅ ያለውንም ቅርብ ያለውንም እኩል ያስጮኸዋል፣ ርቀት የሚባል ነገር ያጠፋብሃል። ለጥሩንባው ኢኳላይዘር ኤፒኦን ጫን፤ ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ የምታስተካክልበት ፕሮግራም ነው፣ እሱም ነጻ ነው። 3 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ትንሽ ቀንስ። ከ100 ኸርዝ በታች ብትጨምር የሞተሩ ጉርምርምታ ይመጣል። ቤዙን 6 ዴሲቤል ከጨመርክ ፕሪአምፑን (ጠቅላላ ድምፁን) በ6 ቀንስ፣ አለዚያ ድምፁ ይሰነጠቃል።

የስታዲየም ልጅ፦

ቻርጀሩን ነቀልኩት፣ ጸጥ አለ! አዳፕተሩ ኧርዝ የሌለው ሆኖ ተገኘ። ኤችአርቲኤፉም ሠራ፤ መንገደኛ ፉርጎ ውስጥ ቆሜ የሎኮሞቲቩ ድምፅ ከፊቴ ይመጣል። ጥሩንባው ትንሽ ከላይ የሚመጣ ይመስለኛል፣ ያ ልክ ነው?

ሳውንድ ማኑ፦

ያጋጥማል። የተለካው ያንተ ጆሮ አይደለም። ሌላ የኤችአርቲኤፍ ፋይል መቀየር ትችላለህ፤ ለጆሮህ የሚቀርበውን ምረጥ።

አሁን ሀዲዱ ከተሰማህ አንድ ጨዋታ ልንገርህ። ሀዲዱ 25፣ 25 ሜትር እየሆነ የተገጠመ ከሆነ፣ በ90 ሴኮንድ የምትቆጥረው የመገጣጠሚያ ቀጭታ በሰዓት የምትሄደው ኪሎሜትር ነው። 60 ከቆጠርክ 60 ነህ። በብየዳ የተያያዘ ሀዲድ ላይ የሚቆጠር ነገር የለም። ብዙ የጨዋታ ባቡሮችም የሚያጫውቱት ተቀርጾ የሚደጋገም ድምፅ ስለሆነ ከፍጥነት መለኪያው ጋር ባይገጥም አትናደድ።

ቡና ያለ ስኳር፦

እኔ የምጠቀመው ብሉቱዝ ነው። ዲስኮርድ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ማውራት ስጀምር የባቡሩ ድምፅ እንደ ስልክ ይሆንብኛል። ይሄስ?

ሳውንድ ማኑ፦

እህቴ፣ ማይኩ ነው። የሄድፎኑ ማይክ ሲከፈት ብሉቱዙ ወደ ስልክ ጥሪ አሠራር ይቀየራል፤ ጥራቱ ይወርዳል፣ ስቲሪዮውም ይጠፋል። ዲስኮርድ ላይ ማይኩን የላፕቶፑ አድርጊው፣ ሄድፎኑን ለመስማት ብቻ ተዪው።