«ማኅበር እንጂ ዕድር አይደለንም»

ባለ ጂቲኦ፦ ጂቲኦ በምትባል አነስተኛ የኦፍሴት ማተሚያ ማሽን የምሠራ አታሚ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ በአታሚዎች ጠቅላላ ጉባኤያችን ከመድረኩ የተነገረችውን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀችኝም። አንድ ባልደረባችን ተነሥቶ «ወረቀቱ በዚህ ዋጋ፣ ቀለሙ በዚህ ዋጋ፤ ማኅበሩ በዚህ ክፉ ጊዜ ለአባላቱ ምን አደረገ?» ብሎ ቢጠይቅ የተሰጠው መልስ «እኛ ማኅበር እንጂ ዕድር አይደለንም» የሚል ነበር። የሳቁ ሰዎች ነበሩ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ዕድር ቢያንስ ድንኳንና ወንበር ይዞ ይመጣል፤ ማን እንደሞተም ያውቃል። በእኛ ሰፈር ብቻ ሦስት ማተሚያ ቤቶች ማሽናቸውን ሸጠው ሲዘጉ ከማኅበሩ አንድ ሰው እንኳ ብቅ ብሎ «ምን ነካችሁ?» አላለም።

የቦርድ አባል፦ የተነገረውን ከነዐውዱ ማቅረብ ይገባ ነበር። ተናጋሪው ለማለት የፈለጉት፣ ማኅበሩ ለከሰረ አባል ገንዘብ የሚያከፋፍልበት ሕጋዊ መሠረት የለውም ነው። የዘርፍ ማኅበራት የሚመሩት በአዋጅ ቁጥር 341/1995 ሲሆን ሥራቸውም የአባላትን መብትና ጥቅም ማስጠበቅ፣ መረጃ ማድረስና ከመንግሥት ጋር መነጋገር ነው። ለመሆኑ ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ከምትከፍሉት ዓመታዊ መዋጮ የቢሮ ኪራይና የጸሐፊዋ ደመወዝ ተቀንሶ የሚተርፈው ለሁላችሁ ቢከፋፈል ለእያንዳንዳችሁ የአንድ ደስጣ ወረቀት ዋጋ አይደርሳችሁም።

የጥረዛ ቤት ባለቤት፦ እኔ ደስጣውን እቀበላለሁ። ዘንድሮ አንድ ደስጣ ወረቀት እንደ ቀላል ነገር የሚጠራው ገዝቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ባለ ጂቲኦ፦ ጌታዬ፣ ገንዘብ ስጡን ያለ ሰው የለም። እኔ የጠየቅሁትን ልንገርዎት። በሰኔ 2016 ከአንድ መሥሪያ ቤት ጋር የሥልጠና መጽሐፍ ለማተም በማይለወጥ ዋጋ ውል ፈረምሁ፤ ያኔ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀና በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በነሐሴ መርካቶ ወርጄ የ80 ግራም ወረቀት ዋጋ ስጠይቅ ነጋዴው አፉን ከመክፈቱ በፊት ስልኩን አየ። ከዚያም ፕሮፎርማውን ጽፎ ማኅተም ካደረገበት በኋላ እንደገና ተቀበለኝና ከግርጌው በእስክሪብቶ «ለዛሬ ብቻ የሚያገለግል» የሚል ጨመረበት። ፕሮፎርማው እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ሥራውን ብተወው ለመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ያስያዝሁት የውሉ 10 በመቶ ይወረሳል፤ ብሠራው በየገጹ እከስራለሁ። በዚያች ሳምንት ከማኅበሩ የፈለግሁት የወረቀት ዋጋ በምን ያህል እንደጨመረና ጭማሪውም ከአታሚው አቅም ውጭ መሆኑን የሚያስረዳ፣ ለአሠሪው መሥሪያ ቤት የማሳየው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነበር። መጽሐፉን ያስረከብሁት በጥቅምት ነው፤ ደብዳቤው የደረሰኝ በኅዳር።

የቦርድ አባል፦ ጉዳዩን ስለማውቀው ልመልስ። ደብዳቤው የዘገየው አባልነትዎ ስላልታደሰ ነው። የሁለት ዓመት ውዝፍ ነበረብዎት፤ ውዝፉን የከፈሉትም በጥቅምት መጨረሻ ነው። ማኅበሩ አባል ላልሆነ ሰው ማኅተሙን ሊያሳርፍ አይችልም።

የጥረዛ ቤት ባለቤት፦ ይኸው፤ ዕድር አይደለንም ያላችሁት እውነት ነው። በእኛ ሰፈር ውዝፍ ያለበት ሰው ሲሞት ዕድሩ መጀመሪያ ያስቀብረዋል፤ ውዝፉን የሚቀንሰው በኋላ ለቤተሰቡ ከሚሰጠው ገንዘብ ላይ ነው። በመዝገብ አጣርቶ «ይህ አስከሬን አልታደሰም» ያለ የዕድር ዳኛ እስካሁን አልሰማሁም።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ግን ነገሩን ከመሠረቱ አሳተው። ባለ ጂቲኦ የጭማሪውን ሁሉ በሐምሌ 22 ላይ አላክከውታል። ከዚያ ቀን በፊትም ቢሆን ወረቀት አስመጪው ከባንክ የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት ወራት ይጠብቅ ስለነበር ብዙው ዋጋውን የሚተምነው በጥቁር ገበያው ምንዛሪ ነበር፤ የጥቁር ገበያው ዶላር ደግሞ ተመኑ ከመለቀቁ አስቀድሞ ከ100 ብር በላይ ነበር። ስለዚህ በ57 ብር ሒሳብ ዋጋ ያቀረበ አታሚ ካለ የተሳሳተው ራሱ ነው። ማኅበሩ ደብዳቤውን በሰዓቱ ቢጽፍለት እንኳ የመሥሪያ ቤቱ ገዥዎች ይህንኑ ይሉት ነበር።

ባለ ጂቲኦ፦ ወንድሜ፣ በ57 ብር ሒሳብ ዋጋ አቀረብሁ አላልሁም። የባንኩ ተመን ያኔ ያ ነበር አልሁ። ያቀረብሁት በሰኔው የመርካቶ ዋጋ ነው። እርስዎ እንደሚሉት ነጋዴው አስቀድሞ በጥቁር ገበያው ተምኖ ከነበረ በነሐሴ «ለዛሬ ብቻ» ብሎ የጻፈው ለምንድን ነው?

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ስለ ፈራ ነው። ነገ ዕቃውን በስንት እንደሚተካ አያውቅም፤ ፍርሃትም በዋጋ ላይ ይጨመራል። ይህን ደግሞ የትኛውም ማኅበር በደብዳቤ አያቆመውም።

ዲጂታሉ፦ እኔ አባል አይደለሁም፤ ሁለት ዲጂታል ማሽንና አንድ የባነር ማተሚያ ይዤ ነው የምሠራው። አባልነት ስጠይቅ «የእናንተ ሥራ ማተም ሳይሆን ኮፒ ነው» ተብዬ ተመልሻለሁ። የታዘብሁትን ግን ልናገር። ማኅበሩ መብት ማስጠበቅ ሥራዬ ነው ካለ፣ በ2017 የእጅ ደረሰኝ ኪውአር ኮድ እንዲኖረውና በመንግሥት ማተሚያ ድርጅት እንዲታተም ሲደረግ ምን አለ? የትንሹ ማተሚያ ቤት እንጀራ ካርኒና ደረሰኝ እንደነበር ለእናንተ አልነግርም። በየወሩ የቤት ኪራይ የሚከፈለው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከባለ ሦስት ቅጂ ደረሰኝ ነበር።

የቦርድ አባል፦ የደረሰኙ ውሳኔ የተወሰደው ሐሰተኛ ደረሰኝን ለመከላከል ሲሆን፣ ማኅበሩም የደኅንነት መስፈርቱን የሚያሟሉ የግል ማተሚያ ቤቶች ይካተቱ ዘንድ ጠይቋል። መጠየቅና መፈጸም የተለያዩ ናቸው።

ዲጂታሉ፦ ጥያቄው በየትኛው ቀን እንደቀረበ ቢነግሩን ደስ ይለን ነበር። ከኅዳሩ ደብዳቤ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ከሩቅ ሆኜ ስለምጽፍ ይቅርታ። እዚህ ሜሪላንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለኝ፤ የምግብ ቤት ዝርዝር፣ የሠርግ ካርድ፣ የቤተ ክርስቲያን መጽሔት አትማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ሠርጉም ጉባኤውም ሲቀር ሥራዬ በአንድ ሳምንት ቆመ። ያዳነኝ የፌዴራል መንግሥት ለአነስተኛ ንግዶች የሰጠው ብድር ነው፤ አብዛኛውን ለሠራተኛ ደመወዝ ካዋልከው ዕዳው ይሰረዝልሃል። የዘርፉ ማኅበር አንድ ሳንቲም አልሰጠኝም። የሰጠኝ ነገር ቢኖር፣ የብድሩ ደንብ በየሳምንቱ በሚለዋወጥበት ወቅት የትኛውን ቅጽ እንዴት እንደምሞላ በኢንተርኔት ስብሰባ የሚያስረዳ ሰው ነው። ስለዚህ የመድረኩ ተናጋሪ ከመሠረቱ አልተሳሳቱም፤ ማኅበር ዕድር አይደለም።

የጥረዛ ቤት ባለቤት፦ ወንድሜ፣ የእርስዎ ማኅበር ቅጹን አስረዳዎት፤ ከቅጹ በስተጀርባ ግን ገንዘብ ያለው መንግሥት ነበር። የእኛው ምን ቅጽ ያስረዳን? በዚያው በወረርሽኙ ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ደብተርና መጽሐፍ የሚያስጠርዝ ሲጠፋ ስድስት ሴት ሠራተኞቼን አሰናብቻለሁ። ሙጫው በባልዲው ውስጥ ደረቀ። ባልዲውን አሁንም ለአበባ እጠቀምበታለሁ።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ወደ ፍሬ ነገሩ እንመለስ። አንድ አታሚ ብቻውን ኮንቴይነር ሙሉ ወረቀት አያስመጣም፤ ሃያ ሆነን ግን እናስመጣለን። ለዚህ የሚያስፈልገው የአክሲዮን ማኅበር ወይም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የሚመዘገብ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። አሁን ያለው ማኅበር ሊነግድ አይችልም፤ አመሥራረቱን ግን ሊያስተባብር ይችላል። በሀገር ውስጥ ወረቀት እንተካለን የምትሉም፣ የወንጂው ፋብሪካ ፐልፑን ከውጭ እንደሚያስመጣ አትርሱ። ምንዛሪው እዚያም ድረስ ተከትሎን ይመጣል።

ባለ ጂቲኦ፦ ሃሳቡ መልካም ነው፤ ሃያ ሰዎችን ግን ከየት ያመጧቸዋል? ትናንት በአንድ ጨረታ ላይ ሦስት አባላት ከወረቀቱ ዋጋ በታች አቅርበው ነበር። እርስ በርስ እየተገዳደሉ አብረው ኮንቴይነር የሚከፍቱ ሰዎች አላየሁም። መጀመሪያ ማኅበሩ የዋጋ ወለል ያውጣ።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ እሱን እንኳ በጽሑፍ ባያሰፍሩት ይሻላል። ተወዳዳሪዎች ተስማምተው ዋጋ መወሰን በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። ማኅበሩ ማድረግ የሚችለው አባላት የማሽን እርጅናን፣ የፕሌትን (የማተሚያ ሰሌዳን) እና የወረቀት ብክነትን ወጪ ጨምረው ትክክለኛ ሒሳብ እንዲሠሩ ማሠልጠን ነው። ከወረቀት ዋጋ በታች የሚያቀርበው ሰው ሁልጊዜ ክፉ አይደለም፤ አንዳንዱ መክሰሩን የሚያውቀው ዓመቱ ሲዘጋ ነው።

ዲጂታሉ፦ ሥልጠናው ለአባላት ብቻ ነው ወይስ ኮፒ ቤቶችም ይገባሉ?

የቦርድ አባል፦ ልጄ፣ ያንን ያለህ አንድ ሰው እንጂ ማኅበሩ አይደለም። ማመልከቻህን አምጣ። ለሌሎቹም አንድ ነገር ላርም። ተናጋሪው «ዕድር አይደለንም» ሳይሆን «ዕድር ብቻ አይደለንም» ነው ያሉት። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ባለ ጂቲኦ፦ ከዚህ በላይ ተከራክረው ሲያበቁ «ብቻ» የምትለውን ቃል አሁን ከየት አመጧት? መጀመሪያ በጻፉት መልስ ላይ እኮ አልነበረችም። ደግሞም «ብቻ» ካሉ ዕድርነቱን አመኑ ማለት ነው፤ እንግዲያው ድንኳኑ የታለ?

የጥረዛ ቤት ባለቤት፦ ይህ በቀላሉ ይታወቃል። የቅዳሜው ቃለ ጉባኤ ይቅረብና እናንብበው።

የቦርድ አባል፦ ቃለ ጉባኤው ተተይቦ አልቋል። ገና አልታተመም።

ዲጂታሉ፦ ማተሚያ ቤት ጠፍቶ ነው?