ወደ ጀጎል ጉዞ፦ ለወላጆች ማስታወቂያውን እንዴት ላድርስ?

የመምህርነት ልምድ ያላችሁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ድሬዳዋ ውስጥ የሦስተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ስለ አካባቢ ቅርስ ስንማር ከርመን ልጆቹ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበውን፣ በግንብ የታጠረውን የሐረር ጀጎል ለማየት ጓጉተዋል። አምስቱን ታሪካዊ በሮች በካርቶን ሠርተው ግድግዳ ላይ ለጥፈዋል፤ ቡዳ በር ቀለም አልቆ ሐምራዊ ሆኗል፣ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

የቸገረኝ የወላጆች ፈቃድ ነው። የምልከው ወረቀት ቦርሳ ውስጥ ተጨማድዶ፣ የብርቱካን ጭማቂ ጠጥቶ ሳይፈረም ይመለሳል። ቴሌግራም ሁሉም ወላጅ የለውም። አማርኛ የማያነቡ፣ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ የሚቀናቸው ብዙ ናቸው። ልጆቹን አስተርጓሚ ባደርጋቸው ደግሞ ጅብ ሲበላ ልናይ ነው ብለው ያወራሉ! ሐረር ውስጥ ጅቦቹ ከሰው እጅ የሚመገቡት ከመሸ በኋላ ነው፤ እኛ ሳይመሽ እንመለሳለን።

አንዳንድ እናቶች ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ፈርተዋል። እውነታቸውን ነው፤ መኪና የሚያዞራቸው ልጆች አሉ። ከፊት ከማስቀመጥና ቁርሱን ከማቅለል ሌላ ምን ታደርጋላችሁ? ማስታወቂያውንስ በሦስቱም ቋንቋ ልጻፈው ወይስ ወላጆችን ጠርቼ በቃል ላስረዳ? ፊርማው እስከ ዓርብ ካልተሟላ አውቶቡሱ ለሌላ ክፍል ይሰጣል።