የቆሎ ተማሪው ምሳ ከማን በጀት ይውጣ?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ! የዛሬው ጥያቄ፦ መንግሥት ለአብነት ትምህርት ቤቶችና ለቁርኣን ቤቶች በጀት ይመድብ ወይስ አይመድብ? ስድብ ክልክል ነው፤ ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰው አስወጥቻለሁ።

የሕግ ሰው፦ ይሄ ያለቀ ነገር ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ላይ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። ምን ቀረ?

ጎጃሜው፦ አንቀጽ 27 ቀረ። አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም ማቋቋም ይችላሉ።

የሕግ ሰው፦ ማቋቋም ይችላሉ አለ እንጂ መንግሥት ያቋቁምላቸው አላለም ወንድሜ።

ጎጃሜው፦ ይሁን። እኔ ስድስት ዓመት የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ በየደጁ ለምኛለሁ። ውሻ የነከሰኝ ጠባሳ እስካሁን እግሬ ላይ አለ። ቅኔ ቆጥሬ ስመለስ 1ኛ ክፍል ግባ ተባልኩ። በ17 ዓመቴ! አብሮኝ የተቀመጠው ልጅ «ጋሼ» ነበር የሚለኝ። አዲስ አበባ ከ2012 ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ምግብ ያገኛሉ። እሰየው። የቆሎ ተማሪውስ የማን ልጅ ነው?

የወሎ ልጅ፦ ደረሳውም፣ የቁርኣን ቤት ተማሪው፣ ያው ነው። አባቴ ወሎ ውስጥ ዳና ነው የቀራው። ያበላው የአካባቢው ሰው ነው። ግን የመንግሥት ብር ቢመጣ ሸኾቹ እሺ የሚሉ አይመስለኝም። ከብሩ ጋር ተቆጣጣሪ ይመጣል። ከዚያ «ይሄን ኪታብ (መጽሐፍ) አታቅሩ» የሚል ደብዳቤ ይከተላል።

ሜሪላንዷ፦ እህቴ እውነት ነው፤ እዚህ አሜሪካም ታይቷል። ሜይን የሚባለው ግዛት በአቅራቢያቸው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ለሌላቸው ልጆች የግል ትምህርት ቤት ይከፍላል። የሃይማኖቶቹን ግን ከልክሎ ነበር። በፈረንጆች 2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 መከልከል አትችልም አለው። ግዛቱም ብሩን የሚወስድ የፀረ አድልዎ ሕጌን ያክብር አለ። ይኸው እንደገና ክስ!

መምህሩ፦ እኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሂሳብ አስተማሪ ነኝ። ሦስት ልጅ በአንድ መጽሐፍ ነው የማስተምረው። መጀመሪያ እኛ ጋ ይድረስ። ጠቡም የዛሬ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ሲከፈት ቤተ ክህነት እንዳይቆጣ አስተማሪዎቹ ከግብፅ፣ ከቅብጥ (ኮፕት) ክርስቲያኖች ነው የመጡት። ብቻ አልዋሽም፣ እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ናቸው። ለእሳቸው መንግሥት አምስት ሳንቲም ከፍሎ አያውቅም።

የሕግ ሰው፦ ምሳው በልጁ ስም ከሆነ አልቃወምም። ለመምህሩ ደመወዝ፣ ለቤቱ ግንባታ ከሆነ ግን አይሆንም። የሁሉም ሰው ግብር ነው፤ የማያምነውም ሰው ይከፍላል።

ሜሪላንዷ፦ እና በጾም ቀን እንቁላል ቢመጣስ? ሃሃ። ወጥ ቤቱን ማን ሊመራው ነው?

ጎጃሜው፦ ምሳውን ተዉት በቃ። አንድ ነገር ብቻ ይደረግ። ልጁ ይፈተንና አቅሙ በሚፈቅደው ክፍል ይግባ። 5ኛም ይሁን 7ኛ።

የሕግ ሰው፦ እሱ የትኛውንም አንቀጽ አይነካም።

መምህሩ፦ ሂሳቡንስ እንዴት ሊወጣው ነው?

ጎጃሜው፦ ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን ስሌት፣ የተማረ ልጅ ዓመተ ዓለሙን ለ19 ሲያካፍል ነው የሚውለው።

መምህሩ፦ ያለ ካልኩሌተር?

ጎጃሜው፦ በጣቱ።