ለትንሽ ኩሬ ክራፒ የሚባለውን ዓሣ ልጨምር ወይስ ይቅርብኝ?

ባለኩሬው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ዓመት አሜሪካ፣ ሚዙሪ ውስጥ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ቤት ገዛን። ከቤቱ ጀርባ ኩሬ አለ። በስልኬ ካርታ ዙሪያውን ዞሬ ስለካው ሦስት አራተኛ ኤከር ገደማ ነው። ጥልቁ ጋ 9 ጫማ ይወርዳል። ገመድ ላይ ድንጋይ አስሬ ነው የለካሁት፤ አትሳቁብኝ።

ውስጡ ባስና ብሉጊል የሚባሉ ዓሦች አሉ፤ ባሱ አዳኙ፣ ብሉጊሉ ደግሞ ባሱ የሚበላው ነው፤ የቀድሞው ባለቤት ናቸው የጨመሯቸው። ባሱ ብዙ ነው፤ ግን የምይዘው ሁሉ ከ10 እስከ 12 ኢንች ነው፤ ከዚያ በላይ አይቼ አላውቅም። ብሉጊሉ ግን መዳፌን ያህላል።

አሁን ጎረቤቴ ከራሱ ኩሬ 30 ክራፒ በባልዲ ላምጣልህ አለኝ። በነጻ! ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ ክራፒ ሲባል እንቅልፍ የለውም። እኔም ብሆን ሥጋው ይጥመኛል። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆሮሶ ሲበላ ያደገ ሰው በሌላ ዓሣ በቀላሉ አይረታም፤ ክራፒ ግን ሊረታኝ ምንም አልቀረው። ሚስቴ ብቻ ናት "ያለውን መጀመሪያ ጨርሱ" የምትለው።

ልቀበለው? ቅዳሜ ሊያመጣው ነው።

አሮጌ መንጠቆ፦

ወንድሜ፣ ቅዳሜ ሳይደርስ ደውልና "ይቆይ" በለው።

ክራፒ መጥፎ ዓሣ ሆኖ አይደለም። ጣጣው አወላለዱ ነው። ፀደይ ላይ ውሃው 60 ፋራናይት አካባቢ ሲደርስ ከባስ ትንሽ ቀደም ብሎ እንቁላል ይጥላል። አንዷ ሴት በአስር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትይዛለች። የባስ ጫጩት ሲፈለፈል የክራፒው ቀድሞት አድጎ ይጠብቀዋል። ምግቡን ይሻማዋል፤ ትልልቁ ክራፒ ደግሞ ጫጩቱን ራሱን ይውጠዋል።

ከዚህም የባሰው፣ ዓመቱ አይገመትም። አንድ ሁለት ዓመት ጫጩት ብርቅ ይሆናል፤ ከዚያ በአንዱ ፀደይ ኩሬው በጫጩት ይፈላል። ያ ሁሉ መንጋ ያለውን ምግብ ይጨርስና 5 ወይም 6 ኢንች ላይ ቀጥ ይላል። ያረጃል እንጂ አያድግም።

ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም። አንድ ኤከር የማትሞላ ኩሬ ነበረችኝ፤ 20 ክራፒ ጨመርኩባት። በሁለተኛው ዓመት 12 ኢንች ይዤ ፎቶውን ያልላክሁለት ሰው የለም። በአራተኛው ዓመት መንጠቆ በጣልኩ ቁጥር ጣት የምታህል ነገር ትወጣለች። ከጠዋት እስከ ማታ ሳወጣ ውዬ ለአንድ መጥበሻ የሚበቃ ሥጋ አጣሁ። ባሱም የት እንደገባ እንጃ። በመጨረሻ ውሃውን አፍስሼ ከዜሮ ጀመርኩ። አሁን ባስና ብሉጊል ብቻ ነው ያለኝ፤ ሰላም ነኝ።

ጭቃ በጫማዬ፦

ጋሼ መንጠቆ ያሉት ልክ ነው፤ ግን አንድ ነገር ዘለሉ። ባሱ ብዙና ትንንሽ፣ ብሉጊሉ መዳፍ የሚያህል ነው ብሏል እኮ። ይሄ ባስ የተጨናነቀበት ኩሬ ነው። የተራበ ባስ የክራፒ ጫጩት ሲያይ አይምርም። በትንሽ ኩሬ ክራፒ የሚሳካ ከሆነ እንዲህ ያለው ላይ ነው።

ነገር ግን ዕዳ አለው። ባሱን ከውሃ አታወጣም፤ ያው እንደተጨናነቀ ይኖራል፤ ትልቅ ባስ የመያዝ ሕልምህን እርሳው። ክራፒ ከያዝክ ደግሞ ትንሽ ነው ትልቅ ነው ሳትል ሁሉንም ታወጣለህ። ይህን ለ11 ዓመት ልጅ አስረዳና አሳየኝ። የእኔዋ ትንሹን ዓሣ ስም አውጥታ ነው የምትመልሰው።

ክራፒ ይግባ ብትል እንኳ ባልዲውን አልቀበልም። ከሰው ኩሬ ምን በሽታ፣ ምን ሌላ ጫጩት አብሮ እንደሚመጣ አይታወቅም። ፈቃድ ካለው አርቢ ግዛ፤ ጥቁሩን ክራፒ ምረጥ። ለመለየት የጀርባው ክንፍ ላይ ያሉትን እሾሆች ቁጠር፤ 7 ወይም 8 ከሆኑ ጥቁር ነው፣ 5 ወይም 6 ከሆኑ ነጭ። በቀለሙ ብቻ ከሄድክ ትሳሳታለህ። የሁለቱ ድቅልም ይሸጣል። እሱ ብዙውን ጊዜ እንደ ንጹሑ አይራባም፤ ጭራሽ አይወልድም የሚልህን ነጋዴ ግን እንዳታምን።

የእማማ መጥበሻ፦

ለመብላት ከሆነ ምን አስጨነቃችሁ? ቻነል ካትፊሽ አስገባ። የአምባዛ ዘመድ ነው፤ አገር ቤት የለመድከው። የሚዙሪ የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ለእንዲህ ዓይነት ኩሬ የሚመክረው ባስ፣ ብሉጊልና ቻነል ካትፊሽ ነው። ባስ ባለበት ጫጩቱ ስለማይተርፍ አይበዛብህም፤ ያስገባኸውን ቆጥረህ ታወጣለህ። 8 ኢንች የሞላውን ግዛ። ከዚያ ያነሰውን ባሶችህ ቁርስ ያደርጉታል፤ እኔን ያየ ይቀጣ።

ባለኩሬው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለጎረቤቴ ደወልኩ። እንዳይከፋው ፈርቼ ዙሪያ ጥምጥም ስሄድበት አቋረጠኝና፣ "ያንተ ኩሬ ይበላሻል ብለህ ነው?" አለኝ። አዎ አልኩ። ሳቀ። የእሱ ኩሬ በክራፒ ከሞላ ስድስት ዓመት ሆኖታል ለካ፤ ሁሉም ክራፒ እጅ አይሞላም። "ለምን በነጻ የምሰጥህ ይመስልሃል?" አለኝ።

ካትፊሹን አስብበታለሁ። ከባሱም ጥቂት እያወጣሁ ልበላ ነው፤ ምናልባት የቀሩት ያድጉ ይሆናል። ልጄ ቅዳሜ ጎረቤት ሄዶ እዚያው ሊያጠምድ ተስማማ። ጎረቤቴ ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፤ የያዘውን አንድም እንዳይመልስ።