በቤት ውስጥ ያለ የቡና ችግኝ ቅጠሉ እየጠወለገና ቢጫ እየሆነ ነው፤ ምን ላድርግለት?

ጥያቄ፦ ከሙኒክ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ነው። ባለፈው መስከረም አንድ የቡና ችግኝ ገዝቼ ሳሎን ውስጥ በመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጬ እንከባከበዋለሁ። እናቴ ያደገችው ጅማ አካባቢ ስለሆነ፣ ልጆቼ የቡና ቅጠል ምን እንደሚመስል በእጃቸው እየነኩ እንዲያድጉ ብዬ ነው የገዛሁት። እስከ ኅዳር ድረስ ቅጠሉ ቅቤ የተቀባ ይመስል ያብረቀርቅ ነበር። ካለፉት አምስት ሳምንታት ወዲህ ግን ቅጠሎቹ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል፤ ጫፉ ላይ የሚያቆጠቁጡት አዳዲሶቹም ቢጫ ሆነው ይወጣሉ። የጠማው መስሎኝ ውኃ ጨመርኩለት፤ አልተሻለውም። ማዳበሪያ ብሰጠው ደግሞ ጭራሽ የአንዳንዶቹ ቅጠሎች ጫፍ ደርቆ ቡናማ ሆነ። አሁን በየሁለት ቀኑ አንድ ብርጭቆ የቧንቧ ውኃ አጠጣዋለሁ። በጥቅምት መጨረሻም እንደ ልቡ ይደግ ብዬ ወደ ትልቅ ፖት አዛውሬዋለሁ። ሳይሞትብኝ ምክራችሁን እለምናለሁ።

መልስ፦ ከፍራንክፈርት

እህቴ፣ በመጀመሪያ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ያንሱት። እዚህ አገር ማሞቂያው አብዛኛውን ጊዜ የሚተከለው ከመስኮቱ ሥር ስለሆነ፣ ተክሉ ከታች በደረቅ ሙቀት እየተጠበሰ ከጎን ደግሞ በቀዝቃዛ መስታወት እየተመታ ነው የሚከርመው። የጫፉ መድረቅ በከፊል ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። ብርሃን ሳያጣ ከማሞቂያው ራቅ ቢል ይሻለዋል።

መልስ፦ በጅማ ዞን በቡና ልማት ሥራ ቆይተው ጡረታ ከወጡ አባል

ቦታውን መቀየሩ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ዋናው ችግር እሱ አይመስለኝም። ቡና ውኃ ሲጠማውም፣ ውኃ ሲበዛበትም ቅጠሉን የሚጥለው በአንድ ዓይነት መንገድ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው ውኃ የበዛበትን ተክል እንደ ተጠማ ቆጥሮ ይጨምርበታል። ልዩነቱ የሚታወቀው ከቅጠሉ ሳይሆን ከአፈሩ ነው። የተጠማ ችግኝ ውኃ ባገኘ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቀና ይላል። የእርስዎ ግን ውኃ ተጨምሮለትም ቀና አላለም።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመጨመርዎ በፊት የሚከተሉትን አይተው ይንገሩኝ። ፖቱን በሁለት እጅዎ ሲያነሱት ከባድ ነው? ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ሲያስገቡ ጭቃ ይነካዎታል? ፖቱ ውኃ በማያሳልፍ ሌላ የጌጥ ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ ከሆነ አውጥተው ታቹን ይመልከቱ። ቢጫ የሆኑትን አዳዲስ ቅጠሎች ደግሞ ብርሃን ላይ ይዘው ጅማታቸው አረንጓዴ መሆን አለመሆኑን ይዩ። ይህ የመጨረሻው ትልቅ ቁም ነገር አለው። ናይትሮጅን ሲያንስ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል እየቀነሰ ለአዲሱ ስለሚሰጥ የሚወይበው የታችኛው ቅጠል ነው፤ ብረት ግን አንድ ጊዜ ከገባበት ቅጠል ወደ ሌላው በቀላሉ ስለማይሄድ፣ የብረት እጥረት የሚታየው ጫፍ ላይ ባሉት ለጋ ቅጠሎች ነው፤ ጅማታቸው አረንጓዴ ሆኖ ይቀርና መካከሉ ቢጫ ይሆናል።

መልስ፦ ከቪየና

እኔ ለአበቦቼ ሁሉ የቡና አተላ አደርግላቸዋለሁ። ቡና ኮምጣጣ አፈር እንደሚወድ ስለሚታወቅ፣ አተላውን ከላይ ወፈር አድርገው ቢያለብሱት አፈሩን ያኮመጥጠዋል ብዬ አምናለሁ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ እንዳሉት አደረግሁ፤ ያየሁት ነገርም አስደንግጦኛል። ፖቱን ከጌጡ ዕቃ ሳወጣው ታቹ ላይ ሦስት ጣት የሚሞላ ውኃ ተኝቶ፣ ሽታው የረግረግ ሽታ ሆኖ አገኘሁት። ሥሩን ገልጬ ስመለከት ከላይ ያለው ነጭና ጠንካራ ነው፤ ከታች ያለው ግን ቡናማ ሆኖ፣ በጣቴ ስይዘው ልባሱ እንደ ተቀቀለ ሽንኩርት ልጣጭ ተንሸራቶ እጄ ላይ ቀረ። አንድ ተክል የመሰለኝም ዘጠኝ ችግኞች ተጨናንቀው ነበር። የለጋዎቹ ቅጠሎች ጅማት አረንጓዴ ነው፤ በጅማቶቹ መካከል ያለው ግን እንደ ሎሚ ቢጫ ሆኗል።

መልስ፦ ከጡረተኛው የቡና ባለሙያ

እንግዲህ ሁለት በሽታ አንድ ላይ ይዞታል። የመጀመሪያው የሥር መታፈን ነው። ሥርም እንደ እኛው አየር ይፈልጋል፤ ውኃ ውስጥ ተዘፍቆ ሲከርም ታፍኖ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ውኃ መሳብ ስለማይችልም ተክሉ ውኃ መካከል ቆሞ ይጠወልጋል። ፖቱ ከሥሩ በላይ ትልቅ መሆኑና የክረምቱ ብርሃን ማነስ አባብሰውታል። ጅማ ላይ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል፤ ሙኒክ ላይ በታኅሣሥ 9 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ብርሃን ያነሰው ተክል የሚጠጣውም ያንሳል።

ሁለተኛው ውኃው ነው። የሙኒክ የቧንቧ ውኃ ኖራ የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት እሱ ነው። ቡና የሚስማማው ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው) ከ5 እስከ 6.5 የሆነ አፈር ሲሆን፣ ኖራው ሲጠራቀም አፈሩ ኮምጣጣነቱን ስለሚያጣ ብረቱ አፈሩ ውስጥ እያለ ይቆለፍበታል። የታመመው ሥር ደግሞ ያለውንም አልስብ ብሏል። ማዳበሪያው የጎዳውም ለዚሁ ነው፤ ያልተሳበው ጨው ተጠራቅሞ ጫፉን አቃጥሎታል።

የበሰበሰውን ሥር በንጹሕ መቀስ ቆርጠው ያውጡ፤ ነጩን አይንኩ። ከሥሩ ትንሽ ብቻ በሚሰፋ፣ ታቹ ቀዳዳ ባለው ፖት ውስጥ፣ ሮዶዴንድሮን ለሚባለው የአበባ ቁጥቋጦ ተብሎ የሚሸጠውን ኮምጣጣ አፈር ከደቃቅ ጠጠር ጋር ቀላቅለው ይትከሉት። ዘጠኙን አሁን ለመለያየት አይሞክሩ፤ ሥራቸው የተጠላለፈ ስለሆነ በክረምት ቢቀዳደዱ አይችሉትም። ከዚያ በኋላ የላይኛው አፈር ሲደርቅ ብቻ የዝናብ ውኃ ያጠጡ። የዝናብ ውኃ ከሌለ ውኃውን አፍልተው ሲቀዘቅዝና ኖራው ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን ይቅዱ፤ ሁሉም ባይወጣም ይቀንሳል። አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ማዳበሪያ የሚባል አይስጡት።

የቪየናው ወንድሜ አይቀየሙኝ፤ ተፈልቶ የወጣ አተላ አብዛኛው ኮምጣጣነቱ ስለሚሄድ አፈሩን ያን ያህል አይለውጠውም። ወፍሮ ሲነጠፍ ደግሞ ይደርቅና አየር ይከለክላል፤ ይሻግታልም። ለዚህ ችግኝ አሁን የሚያስፈልገው አየር ነው።

ጠያቂዋ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ

እንደታዘዝኩት አድርጌአለሁ። ከዘጠኙ ሁለቱ ሞተዋል፤ ሰባቱ ግን ቀና ብለዋል። ዛሬ ጠዋት አንዱ ጫፍ ላይ ጥንድ ለጋ ቅጠል አየሁ፤ እንደ ሩዝ ፍሬ ትንሽ ነው፣ ቀለሙም አረንጓዴ ነው። አሮጌዎቹ ቢጫዎች ግን እንዳሉ ናቸው። ልቁረጣቸው?

መልስ፦ ከጡረተኛው የቡና ባለሙያ

እሰይ! አሮጌዎቹ ቶሎ ላይመለሱ ይችላሉ፤ ሆኖም በራሳቸው እስኪረግፉ ይተዋቸው፤ ያለችው ጥቂት አረንጓዴም ብትሆን ምግብ ትሠራለታለች። ሁለተኛው ጥንድ አረንጓዴ ሆኖ ሲዘረጋ ማዳበሪያውን በተጻፈው ልክ ሩብ ያህል ይጀምሩለት። በግንቦት ወደ በረንዳ ሲያወጡት ደግሞ ቀጥታ ፀሐይ ላይ አያቁሙት፤ በአገሩ የሚያድገው በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ነው።