የግል ዕጩን መምረጥ ድምፅ ማባከን ነው?

አወያይ፦ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በግል የሚወዳደር ሰው በተነሳ ቁጥር «ሰውየው ጥሩ ነው፤ ግን ብቻውን ገብቶ ምን ያመጣል? ድምፃችን ይባክናል» ይባላል። እውነት ይባክናል? ሕጉንም ዘመቻውንም የምታውቁ ተከራከሩበት።

የፓርቲ አባል፦ ይባክናል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 56 የመንግሥትን አስፈጻሚ አካል የሚያደራጀው አብላጫ መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ ወይም ጣምራ ፓርቲዎች እንደሆኑ ይናገራል። በግል የገባ ሰው መንግሥት በመመሥረት ላይ ድርሻ የለውም። በ2002 ምርጫ ከ547 መቀመጫ ከገዢው ፓርቲና ከአጋሮቹ እጅ የወጣው ሁለት ብቻ ነበር፤ አንዱ መድረክ የተባለው የተቃዋሚዎች ጥምረት፣ አንዱ የግል። ሁለት ሰው የትኛውን አዋጅ ያስቀራል? በ2013ም ሰኔ 14 ከተደረገው ምርጫ የግል ዕጩዎች ያገኙት 4 መቀመጫ ነው፤ ብልጽግና 410። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው፤ መንገድም ሆነ ውኃ የሚያስበጅተው ተደራጅቶ የገባ ነው።

የሕግ ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ አንቀጽ 56ን ካነሳህ አንቀጽ 54ንም አንሳ። ንዑስ አንቀጽ 4 ተወካዩ ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው እንደሆነ ይደነግጋል፤ ፓርቲን አይጠቅስም። ንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ መራጩ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ከምክር ቤት ማስወጣት እንደሚችል ይላል። ይህ ለፓርቲውም ተወካይ ይሠራል፤ ነገር ግን የፓርቲው ሰው ለሚቀጥለው ምርጫ ዕጩ የሚሆነው ፓርቲው ሲያቀርበው ስለሆነ እጁን ሲያወጣ የሚያየው ወደዚያ ነው። የግል ተወካይ ተመልሶ የሚሄደው ወደ መራጩ ብቻ ነው። መንግሥት አይመሠርትም፣ ልክ ነህ። የተወካይ ሥራ ግን መንግሥት መመሥረት ብቻ አይደለም፤ ሚኒስትር ሪፖርት ሲያቀርብ የወረዳውን ጥያቄ ስም ጠርቶ መጠየቅና በቃለ ጉባኤ ማስመዝገብም ሥራው ነው።

የዘመቻ አስተባባሪ፦ እኔ «ይባክናል» የሚለውን በሂሳብ ልየው። የእኛ ሥርዓት አብላጫ ድምፅ ነው፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አያስፈልግም፣ ከሌሎቹ መብለጥ ይበቃል። 40,000 ሰው ድምፅ ቢሰጥና አምስት ዕጩዎች 11,000፣ 10,500፣ 9,500፣ 6,000 እና 3,000 ቢያገኙ፣ 11,000 ያገኘው ገባ። ይህ ከመቶ 27.5 ነው። በአንድ የምርጫ ክልል ላይ ብቻ ለሚሠራ ሰው 11,000 የማይደረስበት ቁጥር አይደለም። ድምፅ በእውነት የሚባክነው ተቀራራቢ ሐሳብ ያላቸው የግል ዕጩና ተቃዋሚ ፓርቲ በአንድ የምርጫ ክልል ሲቆሙ ነው። 10,500 እና 9,500 ያገኙት ያንን ሐሳብ የያዙ ከሆኑ ተፎካካሪያቸው በ11,000 አለፈ። ስለዚህ የግል ዕጩ ከምዝገባ በፊት ከማን ጋር መነጋገር እንዳለበት ያውቃል፤ ከምዝገባ በኋላ መነጋገር ዘግይቷል።

ሌላው የግል ዕጩዎችን የሚጥላቸው የፈራሚዎች ዝርዝር ነው። የድጋፍ ፊርማ ሲጠየቅ ልክ የተጠየቀውን ያህል ሰብስቦ መሄድ ስህተት ነው። ከሌላ ምርጫ ክልል የመጣ ፈራሚ፣ ሁለት ጊዜ የፈረመ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ የተሞላ ገጽ ሲወጣ ቁጥሩ ይጎድላል። በሲሶ ጨምሮ መሰብሰብ፣ ማታ ማታም እያንዳንዱን ገጽ ማጣራት ያስፈልጋል።

ከዚያ ምልክቱ። ብዙ መራጭ የሚፈልገው ስም ሳይሆን ሥዕል ነው፤ ፓርቲ ግን ምልክቱን ለዓመታት አስለምዷል። ደግሞ መራጩ የሚሰጠው ሁለት ወረቀት ነው፣ አንዱ የተወካዮች፣ ሌላው የክልል ምክር ቤት። ለተወካዮች ብቻ የቆመው የግል ዕጩ ምልክት በሁለተኛው ላይ የለም። ይህ ካልተነገረው መራጩ እዚያ ይፈልገዋል፣ ያጣዋል፣ ግራ ይገባዋል፣ ሁለት ቦታ ምልክት አድርጎ ወረቀቱን ያበላሻል። ናሙና ወረቀት ይዞ ቤት ለቤት «እዚህኛው ላይ፣ እዚህ ሳጥን ውስጥ» እያሉ በጣት ማሳየት ከመቶ ፖስተር ይበልጣል። ያም ማለቅ ያለበት ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን 4 ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ በነዚያ ቀናት ቅስቀሳ ክልክል ነው።

የፓርቲ አባል፦ ያልሽው ሁሉ የእኔን ነጥብ ያጠናክራል እህቴ። ይህን ሁሉ የሚሠራ ሰው ከየት ይመጣል? በ1997 ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በደምቢ ዶሎ በግል ቆመው አሸነፉ፤ ግን የአገር ፕሬዚዳንት የነበሩ ሰው ናቸው። ምርጫ ክልሉ 80 ጣቢያ ቢኖረው ድምፅ አሰጣጡንና ቆጠራውን የሚከታተል 80 ወኪል ያስፈልጋል። ስሙ ያልታወቀ መምህር ይህን ከየት ያመጣል?

የዘመቻ አስተባባሪ፦ 80 አይበቃም፣ 160 ነው፤ ለእያንዳንዱ ተተኪ። ጣቢያው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት ነው፣ ቆጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ብቻውን የቆመ ወኪል 10 ሰዓት ላይ ይደክመዋል፣ ይርበዋል፣ «ነገ ውጤቱን አያለሁ» ብሎ ይሄዳል። የሄደው ዋናው ሥራ ሊጀመር ሲል ነው። ሰው የሚመጣው ግን በገንዘብ ብቻ አይደለም። መምህሩ ያስተማራቸው፣ ዕድሩ፣ ዘመድ አዝማድ አሉት፤ 160 ሰው ከአንድ ወረዳ ማግኘት የማይችል ዕጩ 11,000 ድምፅም አያገኝም። ይህ ራሱ መመዘኛ ይሁነው።

የሕግ ባለሙያ፦ ይህን እደግፋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ የግል ዕጩ ጠበቃና ጽሕፈት ቤት ስለሌለው ማስረጃው የወኪሉ ደብተር ነው። ወኪሉ ጠዋት ሳጥኑ ባዶ መሆኑን አይቶ የማሸጊያውን ቁጥር ይጻፍ፣ ማታ ሲከፈት ያንኑ ቁጥር ያመሳክር። የተበላሹ ወረቀቶችን ቁጥርም ይያዝ። ቅሬታ ካለው በቃል ተናግሮ አይሂድ፤ እዚያው ጣቢያው ላይ በጽሑፍ ያስገባ። በውጤት ቅጹ ላይ ሳይፈርም በፊት አኃዙን ከራሱ ደብተር ጋር ያስተያይ፣ ቅጂውንም ይዞ ይውጣ። 80 ቅጂ በእጁ ያለ ዕጩ ሌሊቱን ራሱ ደምሮ ማሸነፉንም መሸነፉንም ያውቃል።

የፓርቲ አባል፦ ስለ ቅጂው አልከራከርም፤ የእኛም ወኪሎች ብዙ ጊዜ ሳይዙ ይመለሳሉ። አንቀጽ 56 ላይ ግን አቋሜን አልቀየርኩም።