«እሺ ልጄ፣ ገብቶኛል» ብለው መድኃኒቱን አዛብተው ለሚመለሱ ምን ይሻላል?

ጠያቂ (ነርስ፣ ፍኖተ ሰላም)፦
ሰላም ባልደረቦች። ታካሚ ከዋርድ ሲወጣ መድኃኒቱን ለራሱም ለአስታማሚውም እናስረዳለን። «ገባዎት?» ስንል «እሺ ልጄ፣ ገብቶኛል» ይላሉ። ለቀጠሮ ሲመጡ ግን በቀን 3 ጊዜ የተባለው አሞክሳሲሊን ጠዋት ብቻ ተውጧል፣ ወይ 3ቱም ፍሬ ባንዴ። አሁን ደግሞ ሁዳዴ ገብቷል፤ እስከ 9 ሰዓት ምንም አይቀመስም። ወረፋው እየጠበቀ ምን ብላችሁ ታስረዳላችሁ?

መልስ 1 (ነርስ፣ ደብረ ማርቆስ)፦
«ገባዎት?» የሚለውን ጥያቄ ተዉት። ትልቅ ሰው ባለሙያ ፊት «አልገባኝም» ማለት ያፍራል። ጥፋቱን ወደ ራሳችሁ አዙሩት፦ «እማማ፣ በደንብ መናገሬን ልይ፤ ቤት ሲገቡ ይቺን ኪኒን መቼ መቼ ነው የሚውጡት?» የመድኃኒቱን ፖስታ በእጃቸው ይዘው ይመልሱ። የሳቱትን ብቻ አቅንታችሁ ያንኑ ደግማችሁ ጠይቁ። ሁለት ደቂቃ ነው።

«በቀን 3 ጊዜ» ሳይሆን ሰዓቱን ንገሩ፦ ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4። ፖስታው ላይ የምንጭራት 1×3 (1 ፍሬ በቀን 3 ጊዜ) ለእኛ እንጂ ለእሳቸው አትናገርም፤ 3 ፍሬ ባንዴ የሚዋጠው አንዳንዴ ከእሷ የተነሣ ነው። ለማያነብ የምትወጣ ፀሐይ፣ አናት ላይ ያለች ፀሐይና ጨረቃ ሣሉ፤ ከሥራቸው በፍሬው ልክ ነጥብ። በዚያ ላይ ካርዱን ይዞ የሚሯሯጠው ዘመድ ብዙ ጊዜ ቤት የሚያስታምመው ሰው አይደለም። ማን እንደሚሰጣቸው ጠይቃችሁ ለዚያ ሰው ንገሩ።

መልስ 2 (ፋርማሲስት፣ ቡሬ)፦
ለሕፃናት ሽሮፕ ይህን ልጨምር። የአሞክሳሲሊን ዱቄት ቤት የሚበጠበጥ ከሆነ አሳዩ እንጂ አትንገሩ። ጠርሙሱን መታ መታ አድርጎ ዱቄቱን ማላላት፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ከምልክቱ ዝቅ አድርጎ መጨመር፣ መናጥ፣ አረፋው ሲተኛ እስከ ምልክቱ መሙላት። አረፋው ሳይተኛ ከተሞላ ውሃው ይጎድላል፣ መድኃኒቱም ይወፍራል። ከዚያ በኋላ በሰጡ ቁጥር መናጥ ነው፤ አለዚያ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀጭን፣ መጨረሻው ዝቃጭ ይሆናል።

በማንኪያ አይለካ፤ የቡናውም የወጡም «ማንኪያ» ነውና። መርፌ የሌለው 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ስጡና መጠኑ ላይ ፕላስተር ለጥፉ። ጠርሙሱንም እዩ፦ በ5 ሚሊ ሊትር 125 ሚሊ ግራም ያለውም 250 ያለውም አለ። እናትየው «እንደ ባለፈው» ብላ ከሰጠች እጥፍ ወይ ግማሽ ይሆናል።

መልስ 3 (ጤና መኮንን፣ ሞጣ)፦
ወደ ጾሙ ልምጣ። «ጾሙን ይተዉት» ብሎ መጀመር በር ይዘጋል፤ እሺ ብለው ይጾማሉ። «እስከ ስንት ሰዓት ይጾማሉ? የንስሐ አባትዎን አማክረዋል?» በሉ፤ ለሕመምተኛ የሚፈቅዱ ብዙ ናቸው። በቀን አንዴ የሚዋጥ ከሆነ ያዘዘውን ሐኪም ጠይቃችሁ ወደ ማታ አዛውሩት።

እኔን የሚያስፈራኝ የስኳር በሽታ ኪኒኑ ግሊቤንክላሚድ ነው። ጠዋት ውጦ እስከ 9 ሰዓት የጾመ ሰው ስኳሩ ይወርዳል፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መዘባረቅ። አስታማሚው «ጾም አድክሞት ነው» ብሎ እንዳያስተኛው አስቀድማችሁ ንገሩት። መዋጥ ከቻለ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ያጠጣው፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጥ ወደ ጤና ተቋም ያምጣው።

ጃዊ ወርዶ ወባ ለያዘው ኮአርተም ከቅባት ጋር ነው የሚዋጠው። ወተት በጾም ስለማይቻል ዘይት የገባበት ሽሮም ይሆናል። 2ኛው መጠን ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይቶ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ፣ በ3 ቀን 6 ጊዜ፤ ትኩሳቱ ቢለቅም ይጨረስ።

ከአልኮል ጋር የማይወሰደውን ሜትሮኒዳዞል ስትሰጡ «መጠጥ ይጠጣሉ?» ብትሉ መልሱ «ኧረ አልጠጣም» ነው። ጠላ እኮ መጠጥ ተብሎ አይቆጠርም! ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ እያላችሁ በስማቸው ጥሩ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ማታ 4 ሰዓት ድረስ የማይቆዩትስ?

መልስ 1፦
አሞክሳሲሊኑን 3 ሰዓት ላይ ውጠው ቢተኙ ግድ የለም። የረሱትን ለማካካስ ግን ሁለት ባንዴ እንዳይውጡ፤ እሱንም መልሰው ይንገሯችሁ።